ዝገት የሌለባት መኪና

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ «ጋሼ ተመለስ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱም በከንቱ አላወጡለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመኪና ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው ትንሽ መዶሻ ይዞ፣ የመጣውን መኪና ሁሉ ዞር ዞር ብሎ እያየ የሚናገራት ቃል አንዲት ብቻ ነበረች፦ «ተመለስ!» የሰሌዳ ቡሎን ጎደለ፣ ተመለስ። የኋላ መብራት ደበዘዘ፣ ተመለስ። አንዴማ የአስከሬን መኪና የሚነዳውን ሰውዬ የክላክስህ ድምፅ ቀጭን ነው ብሎ መልሶታል። ሰውዬው «ኧረ ጋሼ፣ እኔ የምጭነው ሰው እንደሆነ አይሰማ!» ቢለው፣ «መስማት ያለበት ከፊትህ ያለው ነው፤ ተመለስ» አለው። ጡረታ የወጣ ዕለት ሾፌሮቹ አዋጥተው ትልቅ ኬክ ገዙ። ለእሱ ግን አልሰጡትም፤ እዚያው ጣቢያው በር ላይ ቆርሰው ራሳቸው በሉት።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ከከተማው ማዶ፣ ዳገት ላይ ባለ ጤና ጣቢያ የሰው ልጅ ስትቀበል ዕድሜዋን ጨርሳለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለመግባት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ትወጣለች፤ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች፤ ዳገቱን ደግሞ በእግሯ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ካመማት ቆይቷል። እሱ ጡረታ ሲወጣ እሷ ሦስት ዓመት ይቀራት ነበር። በጓሮ በኩል ደግሞ ከአባቷ የወረሰቻት መኪና በሸራ ተሸፍና ቆማለች፦ ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ጀርባዋ ድቡልቡል ያለ፣ የድሮ ሰው ረጋ ብሎ የሠራት መኪና።

«ስማ» አለችው አንድ ቀን ሸራውን ገልጣ። «እንግዲህ አሁን ጊዜ አለህ። የእቺን ፍሬን አሠራልኝ፣ ባትሪ ግዛላት፣ እጠባትና ጠዋት ጠዋት ሥራ አድርሰኝ። ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። ጉልበቴ ግን ሦስት ዓመት አውቶቡስ የሚችል አልመሰለኝም።»

ሌላ ባል ቢሆን «እሺ» ብሎ መካኒክ ይጠራ ነበር። ጋሼ ተመለስ ግን መዶሻውን አምጥቶ መኪናዋን በየጎኗ ኳ ኳ ካደረገ በኋላ፣ ሚስቱን እንደ ጥፋተኛ ሾፌር ቁልቁል አያት።

«ነካ ነካ አድርጎ መንዳት እኔ ዘንድ የለም» አላት። «ይቺ አሮጌ እንዳትመስልሽ፤ ጥንታዊ ናት። እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ትፈታለች፣ ትጸዳለች፣ ትታደሳለች። ከዚያ በየቀኑ ትነዳለች። ሦስት ወር ስጪኝ።»

ሦስት ወር አለ። በገዛ አፉ!

መፍታቱንማ ማን ብሎት! ለማፍረስ የሰው ልጅ ጎበዝ ነው፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ መኪናዋ ከመኪናነት ወጥታ ቤት ሙሉ ዕቃ ሆነች። ሞተሩ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ካርቡሬተሩ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቤንዚን ውስጥ ተዘፈዘፈ። የፊት መከላከያ ብረቷ አልጋ ሥር ገባች። የኋላ ወንበሯ ሳሎን ተቀምጣ እንግዳ ማስተናገድ ጀመረች፤ እሷ ላይ የተቀመጠች ጎረቤት «ጉዞው መቼ ነው?» ብላ ጠይቃ፣ ጋሼ ተመለስ ሳምንት ሙሉ አኩርፏታል። ይባስ ብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት የወጣ አንድ ክምር ቅጽ ነበረውና በየዕቃው ላይ አንድ አንድ ወረቀት አንጠለጠለ። ወረቀቱ ላይ «ጉድለት» የሚልና «የመመለሻ ቀን» የሚል ቦታ አለ። ሚስትየው ከአዳር ሥራ ደክማ ገብታ ፊቷን ልትታጠብ ስትል፣ ሳፋው ላይ «ጉድለት፦ ቆሻሻ። የመመለሻ ቀን፦ ማክሰኞ» የሚል አነበበች። ማክሰኞ የትኛው ወር ላይ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰውዬው ሥራ አይችልም አይባልም፤ ይችላል። ይልቅ የሠራውን ማሳለፍ ነው ያቃተው። ቀን መካኒክ ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ማታ እጁን ታጥቦ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ መርማሪ ሆኖ ይመጣል፤ ቀን የሠራውን ራሱን ይመልሰዋል። ቶርኖ ቤት ያለው ወዳጁ አንዲት የፍሬን ታምቡር ልኳን ጠብቆ ቀርጾ ቢያመጣለት አምስት ጊዜ መለሰው። በስድስተኛው ቶርኖኛው ታምቡሯን በር ላይ አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ወደ ጨረቃ ነው እንዴ የምትሄደው?» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ቀለሙ ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ሦስት ጊዜ ተፋቀ። ሚስትየው ስትጠይቀው ሁልጊዜ መልሱ ያው ነው፦ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» እሷም አንድ ቀን አንጀቷ አርሮ፣ «የአንተ ዕንቁላል እኮ እግር ማውጣት ብቻ አይደለም፣ ጡረታም ሊወጣ ነው» አለችው።

በሁለተኛው ዓመት መኪናዋ ተገጥማ ተነሣች። እውነት ለመናገር ሞተሯ ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ልስልስ ያለ፣ የማይንገጫገጭ ድምፅ ነበር። ሚስትየው ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ከልቧ ደስ ብሏት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ያን ዕለት ዝናብ ያካፋ ነበር። እሱ ዝናብ መጥረጊያዋን አበራው፣ አየው፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና መጥረጊያውን አየ።

«ግራው ከቀኙ ትንሽ ይዘገያል» አላት። «ዛሬ አይሆንም። ተመለሺ።»

ሚስቱን! በጎረቤት ፊት! እሷም ጃንጥላዋን ዘርግታ በዚያው እግሯ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ያን ቀን ነው ልቧ የቆረጠው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ አንድ ቃል ጠይቃው አታውቅም።

ውስጡን ላጫውታችሁ። እንዲህ የሚያደርገው ሚስቱን ጠልቶ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ነው የሚወዳት። ፍርሃት ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ ከመውጣቷ በፊት ምርመራ ጣቢያ መግባት አለባት፤ ጣቢያው በር ላይ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመልሳቸው የኖሩት ሾፌሮች አሉ። በቤቱ በኩል ባለፉ ቁጥር መስኮት ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ መቼ ነው የምትመጣው? እየጠበቅንህ ነው እኮ!» ይሉታል። አንዲት የላላች ቡሎን ከተገኘችበት ኑሮው አበቃ፤ ለዚህ ነው ሌሊት እየባነነ የበር ማጠፊያ የሚነካካው። በየሄደበትም «የእኔ መኪና ላይ አንዲት ነጥብ ዝገት አታገኝም!» እያለ ይፎክራል። ዝገት በዕድሜው ከሁሉ አብልጦ የተጸየፈው ነገር ነው፤ ከመለሳቸው መኪኖች ግማሹን የመለሰው በዝገት ነው። የሚስትየው ጉልበት በዚህ መሀል እያበጠ ነበር።

የሚስቱ ጡረታ ሰባት ሳምንት ሲቀረው፣ ጋሼ ተመለስ አንድ ማታ በሥራው ላይ ጉድለት ፈልጎ አጣ። ዞረ፣ አንኳኳ፣ ተንበረከከ፣ አጣ። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን «ዛሬ በመኪናሽ ነው የምትገቢው። ምርመራውን አልፈን በቀጥታ ወደ ሥራሽ» አላት። አላመነችውም፤ ቢሆንም ከባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተቀያይራ፣ ጋውኗን ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

ወሬው እንዴት እንደደረሰ እንጃ፣ ሾፌሩ ሁሉ ጣቢያው ውስጥ ተሰልፎ ጠበቀው። በእሱ ቦታ የተተካው መርማሪ ራሱ ያሠለጠነው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለና መዶሻውን አነሣ። መብራት፣ ደህና። ፍሬን፣ ደህና። መሪ፣ ደህና። ክላክሱ ሲነፋ የአስከሬን መኪናው ሾፌር ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። የሾፌሮቹ ፊት ጠቆረ፤ ጋሼ ተመለስ ደረቱ ተነፋ፣ አንገቱ ረዘመ። ወጣቱ በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። በጨርቅ ጠረገ። እንደገና ጠረገ። መነጽሩን አጠለቀ፤ ባትሪ አበራ።

«ጋሼ» አለው ቀስ ብሎ፣ «የሻንሲ ቁጥሯ የት ነው?»

«ምን ማለትህ ነው? እዚያው ነዋ! ከራዲያተሩ ኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ብረቱ ላይ ተመቷል።»

«እዚህ ላይ ቁጥር የለም።»

ሄዶ አየ። ቦታው እንደ መስተዋት ያበራል፤ የራሱን ፊት አየበት። ያኔ ነው ክው ያለው። አስታወሰ፤ ያቺን ቦታ ሁለት ቀን ሙሉ በሞረድ ሞርዷታል። መነጽር ለሽማግሌ ነው እያለ ስለማያደርግ፣ በእጁ ሲዳብሳት ሻካራ ነበረች፤ ዝገት የበላው ጎድጓዳ መስሎት፣ «አንቺንማ አለቅሽም» እያለ ሞርዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ አለስልሶ ቀባት። ዝገትም ነበረባት፤ ቁጥሩም ነበረባት፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አጠፋቸው። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሁሉ ከአፉ የሚሰማው የመጀመሪያ ትምህርት «ቁጥር የሌለው መኪና የሌባ መኪና ነው» የሚል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ያስተማረ ሰው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሾፌሮቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ አንዱ «ተመለ‑‑ስ!» ብሎ ጮኸ፤ ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። በሰፈረው ቁና ተሰፈረ፤ ማንን ይወቅስ?

ወጣቱ መርማሪ ግን አልሳቀም፤ ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ። «ጋሼ፣ ችግር የለም። እዚህ ላይ ቁጥሩ የጠፋበት ምክንያት ይሞላል፤ የሚፈርመው ሥራውን የሠራው ሰው ነው። ዝገት ነበረበት፣ ዝገቱን ሳነሣ አብሮ ሄደ ብለው ይጻፉ። የድሮው ቁጥር ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ዛሬውኑ ይመታላታል፤ እትዬንም ሥራ ያደርሷቸዋል።»

«የእኔ መኪና ዝገት የለባትም» አለ ጋሼ ተመለስ።

«አሁን የለባትም። ያኔ ግን ነበረባት።»

«እንዲሁ ጠፋ ብለህ ጻፈው።»

«እንዲሁ የሚባል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ወይ ዝገት ነው፣ ወይ ሆን ተብሎ በሰው እጅ ነው፤ ባዶ ከሆነ መኪናዋ ትያዛለች። ቅጹን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ።»

እውነት ስለሚወድ ቢሆን ኖሮ ባርኔጣ አንሥተንለት ዝም ባልን። ዝገት ብሎ መጻፉ ራሱ እውነት ነው! ግን አርባ ሾፌር ቆሞ ይሰማል። እስክሪብቶውን ያዘ፣ አስቀመጠው፣ ያዘ፣ አስቀመጠው። ወይ ፍንክች! ሚስትየው መኪናዋ ውስጥ ሆና በመስኮቱ ሁሉን ሰምታለች። ሰዓቷን አየች። ቀስ ብላ ወረደች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«አንዲት ቃል ናት» አለችው። «ጻፋትና ውሰደኝ።»

«አይሆንም፤ ዝገት የለባትም አልኩ!»

«እሺ። የአውቶቡስ ፌርማታው እንኳ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ?»

አያውቀውም። ያሳያትም የአስከሬን መኪናው ሾፌር ነው፤ አሳይቶም አልቀረ፣ «ይግቡ እትዬ፣ በመንገዴ ነው» ብሎ ከጎኑ አስቀመጣት። ያን ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ የአስከሬን መኪና ቆሞ አዋላጇ ስትወርድ፣ ሊወልዱ የመጡት ሴቶች የጮኹትን ጩኸት ዘበኛው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

መኪናዋ ተያዘች። የተያዙ መኪኖች ግቢ በሁለተኛው አውቶቡስ መስመር ላይ ነው፤ ጋሼ ተመለስም በየጠዋቱ ሊጠብቃት መሄድ ጀመረ፤ በሽቦው አጥር እያየ ማንም እንዳይነካት ይቆጣጠራል። በምን ይሂድ? በአውቶቡስ ነዋ፤ ከሚስቱ ጋር፣ በዚያው ሰዓት። እግዜር ሲጣላ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገሩን እንዳይጥም።

የመጀመሪያ ቀን የአውቶቡሱን ጎማ መርምሮ ትኬት ቆራጩን «ይሄ ጎማ አልቋል!» አለው። ትኬት ቆራጩ «አባት፣ ካልተመቸዎት ይውረዱ፤ ለእርስዎ ብለን ሰው አናቆምም» አለው። ሚስቱ «አላውቀውም» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ወገቡን አመመው። በሦስተኛው፣ ሚስቱ ቦታ ስታጣ ብረቱን በክንዷ አቅፋ በግራ እግሯ ብቻ እንደምትቆም አየ፤ አውቶቡሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። እሱ ሞተር ሲያዳምጥ ይህን ስንት ሺህ ጊዜ አድርጋው ይሆን? «ነይ፣ ያዥኝ» አላት አንድ ቀን። «ለምጄዋለሁ» አለችው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ማለዳ ግቢው ጋ መውረድ ሲገባው ሳይወርድ ቀረ። ሳታየው እስከ መጨረሻው ሄዶ፣ ዳገቱን ከኋላዋ ተከተላት። በሠላሳ ዓመት ትዳር ሥራ ቦታዋ ድረስ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። ዳገቱ መሀል ላይ ቆመች፤ ግንቡን ይዛ ጉልበቷን አሸች። ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆም አንዲት እርጉዝ ሴት ከላይ እየወረደች አገኘቻትና «እትዬ፣ ልያዝዎት?» አላቻት፤ የደረሰች እርጉዝ ናት፣ ሆዷ አፍንጫዋ ጋ ደርሷል። ሚስቱም ክንዷን ሰጠቻት፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ወጡ። ጋሼ ተመለስ ከታች ቆሞ አያቸው። አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፤ ሾፌሮቹ ሲስቁበት እንኳ እንዲህ አላፈረም።

ዞሮ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደ። ሾፌሮቹ እንደተለመደው በሩ ላይ ነበሩ። ቅጹን አስመጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጻፈ።

«ምን ብለህ ጻፍክ ጋሼ? አልሰማንም!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝገት!» ብሎ ጮኸ ዞሮ። «ዝገት ነበረባት! በልቷት ነበር! ዕውር ስለሆንኩ ሞርጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቃ? ሰማችሁ?»

የሚስቅ ጠፋ። ወጣቱ መርማሪ ቁጥሩን አስመትቶ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ቁልፉን ሰጠው።

ለሚስቱ ጡረታ የቀረው የሥራ ቀን አሥራ አንድ ነበር። አሥራ አንዱንም ቀን አደረሳት፤ አምጥቶም መለሳት። በዝናብም ሄደ፣ በጭቃም ሄደ፤ በሯ ላይ ጭረት ሲወጣ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እሷ ትገባለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ትወርዳለች። እንደ ታክሲ ሾፌር ምስጋና መቀበሉ ከነከነው።

በመጨረሻው ቀን ባልደረቦቿ ሸኝተዋት አበባ ታቅፋ ወጣች። ዳገቱን ሲወርዱ የሞተሯ ትንፋሽ አይሰማም፤ ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ወድቃለች። አላስችል አለው።

«ግን አምራለች፤ አላማረችም?» አላት። «እውነቱን ንገሪኝ።»

መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር አየቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻት ይመስል።

«አባቴ በዚህች መኪና አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አድርሶኛል» አለችው። «አንዱ በሯ በገመድ ነበር የሚታሰረው። ጭስ ትተፋለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ከእግራችን ሥር ውኃ ይገባል። አንድ ቀን እንኳ አምራ አታውቅም። አንድ ቀንም አርፍጄ አላውቅም።»

ማርሽ ቀየረ። እስከ ቤት ድረስ ነዳ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወርዶ በሯን ከፈተላት፣ አበባውን ተቀበላት፣ ክንዷን ይዞ አወረዳት። ከዚያ፣ አሥር ቀን ሙሉ የጠየቃትን፣ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«ነገ በስንት ሰዓት ላስነሣት?»

«ነገ?» አለችው። አበባዋን ከእጁ ወሰደችና፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ ደረጃውን ቀስ እያለች ወጣች።